በፊደል ተራ የሰማሁት አልበም

በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው አፓርታማ ውስጥ አራት ነበርን። አንደኛው የቤቱ ባለቤት፣ በወጣትነታቸው በወታደር ባንድ ክላርኔት ይነፉ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ የፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ሮክቪል የምትኖር ነርስ፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጫማዋን በር ላይ አውልቃለች። ሦስተኛው ታክሲ ነጂ፤ ያቆማትን መኪና ለማየት ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ፣ መሀል ላይ ባቡር ቀይሬ መጥቼ፣ ጭኔ ላይ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ይዣለሁ። በፈረንጆቹ 2009 ወይም 2010 ይመስለኛል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ብርድ አልነበረም ማለት ነው።

በወር አንድ እሁድ እንገናኝ ነበር። ተረኛው፣ ጃዝ የሚወድ ሰው ሳይሰማው ሊቀር አይገባም የሚለውን አንድ አልበም ያመጣል። መጀመሪያ ለምን እንደመረጠው የጻፈውን ያነብባል፤ ከዚያ አልበሙ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። መርፌው እስኪነሳ ማንም ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ ሌሎቹ ሦስቱ ከተስማሙ ጋሼ አልበሙን በሰማያዊ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ካልተስማሙ አይጻፍም።

እኔ አንድ ዓመት ያህል ሳዳምጥ ቆይቼ የመጀመሪያ ተራዬ ደርሶ ነበር። ጃዝን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከቤተ መጻሕፍት ሲዲ እየተዋስኩ ኮፒ አደርጋለሁ፤ በምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ እሰማለሁ፤ የሰማሁትን በደቂቃና በሰከንድ እጽፋለሁ። ግን ሌሎች የሚሰሙትን እየሰማሁ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ አልነበረም። ምርጫዬ ደብተሩ ውስጥ እንዲገባ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

የመረጥኩት ፒያኖ፣ ባስና ድራም ብቻ ያሉበት አልበም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ክርክሩ እንደገና ይነሳል። ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፍኩት ስለ ቅደም ተከተሉ ነበር። አልበሙ በባስ ብቻ እንደሚጀምር፣ ድራመሩ እስከ ሦስተኛው ሙዚቃ ድረስ ዱላ ሳያነሳ በብሩሽ ብቻ እንደሚጫወት፣ ይህም ሆን ተብሎ ታስቦበት የተደረገ እንደሆነ አብራርቼ አነበብኩ። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ጋሼ መርፌውን አስቀመጡ።

መጀመሪያ የተሰማው ድራም ነበር። በዱላ፣ በሙሉ ኃይል።

የሸክላው ሌላ ፊት መስሎኝ ቀና አልኩ፤ አንደኛው ፊት ነው። ታክሲ ነጂው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየ፣ ከዚያ ማጫወቻውን፣ ከዚያ እኔን። መናገር ክልክል ነው። ሁለተኛው ሙዚቃ በእኔ ወረቀት ላይ አምስተኛው ሆኖ ተገኘ። እኔ መጀመሪያ ያልኩት ባስ የተሰማው ሸክላው ከተገለበጠ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል የተሳሳተ ወረቀቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ምክንያቱን እዚያው ቁጭ ብዬ ደረስኩበት። ከዓመታት በፊት ሲዲውን ኮፒ ሳደርግ ኮምፒዩተሩ ሙዚቃዎቹን በርዕሳቸው የፊደል ተራ ደርድሯቸዋል። እኔም እንደዚያው ሰማኋቸው። ሸክላውን ከአንድ ቀን በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአሮጌ ሸክላ ሱቅ ስገዛ ጭረት እንዳይኖረው በብርሃን አይቼዋለሁ፤ ከጀርባው ላይ የተጫዋቾቹንና የቀረጻ ባለሙያውን ስም አንብቤያለሁ። የሙዚቃዎቹን ዝርዝር ግን አላየሁም። በቃሌ የማውቀውን ምን ብዬ አነብባለሁ?

መርፌው ሲነሳ መጀመሪያ የተናገረው ታክሲ ነጂው ነው።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ ተሳፋሪ እንዲህ ባዞር ላይሰንሴን ይነጥቁኛል።»

ጋሼ ሳይቀሩ ሳቁ። የሆነውን ነገርኳቸው። ነርሷ አልሳቀችም። አልበሙ ጥሩ መሆኑን፣ ነገር ግን እኔ የጻፍኩት ስለሌለ አልበም መሆኑን ተናገረች፤ የተመረጠበት ምክንያት ከወደቀ ምርጫው እንዴት ይቆማል አለች። ትክክል ነበረች። ሸክላውን ወደ ማኅደሩ ልመልስ እጄን ስዘረጋ ጋሼ ከለከሉኝ። ወረቀቴን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ወንበር ምንድን ናት?»

ቀርፋፋው ሙዚቃ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ሲሆን፣ የፒያኖ ተጫዋቹ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል ብዬ ጽፌ ነበር። እንደሚሰማ ነገርኳቸው።

«እኔ ይህን ሸክላ ከአንተ ዕድሜ በላይ አውቀዋለሁ። ወንበር ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

መርፌውን ከዳር ሳያስጀምሩ ሸክላ መሀል ላይ ማሳረፍ በዚያ ቤት ነውር ነበር፤ ሸክላ ያበላሻል ብለው ራሳቸው ጋሼ ናቸው የከለከሉት። ያን ቀን ግን መርፌው መሀል ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ሳይለይ አለፈ። እንደገና ወደኋላ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ነርሷ ዓይኗን ጨፍና ወደ ድምጽ ማጉያው ጠጋ አለች።

«ሰማሁት» አለች። ዓይኗን ገልጣ፣ «ወረቀቱ ተስተካክሎ ይጻፍ፤ አልበሙ ይግባ» አለች።

ታክሲ ነጂው እሱ እንዳልሰማው፣ ግን እሷን እንደሚያምን ተናገረ። ጋሼ ደብተሩን ከፍተው የአልበሙን ስም ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ቀስ ብለው አንድ መስመር ጨመሩ። በሌላ ሰው ምርጫ ሥር እንዲህ ሲጽፉ አይቼ አላውቅም። ማየት ስላፈርኩ ሸክላውን በማኅደሩ መክተት ያዝኩ።

ወረቀቱን በሚቀጥለው ወር አስተካክዬ አመጣሁ። እስከ ዛሬ ግን አንደኛው ሙዚቃ ሲያልቅ ጆሮዬ የሚጠብቀው የተሳሳተውን ነው። ለሰው አልበም ስመክርም መጀመሪያ የማረጋግጠው ጀርባው ላይ ያለውን ዝርዝር ነው። ጋሼ ከጊዜ በኋላ ደብተሩን ይዘው ልጃቸው ወዳለችበት ስቴት ሄዱ።

ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ የረሳሁትን ሙሉልኝ። መርፌውን መሀል ላይ ያሳረፈው ማን ነበር፣ ጋሼ ናቸው ወይስ ታክሲ ነጂው? መስኮቱስ በእርግጥ ክፍት ነበር? ከሁሉ በላይ ግን፣ ከአልበሙ ስም ሥር የተጻፈውን ያነበበ ካለ ይንገረኝ። ስለ ወንበሩ ከሆነም፣ ስለ ስህተቴ ከሆነም፣ እንዳለ ቃል በቃል።