ያልተከተበው ውሻችን

ውሻችን ውሃ ፊቱ ተቀምጦለት ሳይጠጣ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ነው ማበዱ የገባኝ። ለሃጩ ይዝረበረባል። ስሙን ብጠራው ጆሮውን እንኳ አላነሳ፤ ያሳደግሁት ውሻ አላወቀኝም። ልጄ ጧት "እማየ፣ ነከሰኝ እኮ" ብላ እጇን ስታሳየኝ "ስትነካኪው ነዋ!" ብዬ ተቆጥቻት ነበር። እየጮህሁ ወደ ልጄ ሮጥሁ።

ያኔ የምንኖረው ከደባርቅ ራቅ ብሎ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ አጠገብ፣ የዱር አራዊት ፓርኩ ከልሎ በያዘው መሬት ላይ ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው በጋ ውሻ የሚከትቡ ሰዎች መጥተውልን ነበር። የውሾቻችን በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ እየተላለፈ ይጨርሳቸዋል፣ ውሻው ከተከተበ ቀበሮውም ሰውም ይተርፋል አሉን። እኛ ግን በዚያው ሰሞን ከፓርኩ ልትነሡ ነው የሚል ወሬ ሰምተን እንቅልፍ አጥተናል። ዛሬ ውሻ የቆጠረ ነገ ሰው ቆጥሮ ያስነሣናል ብለን ፈራን። በፓርኩ ጠባቂነት፣ ስካውት እንደሚሉት፣ የተቀጠረው ጎረቤታችን በየቤቱ እየዞረ ለመነን።

"እናንተ ሰዎች፣ መርፌ እኮ ነው! መርፌ ማንን ከቤቱ አስወጥቶ ያውቃል?"

"ሂድ ወዲያ፣ የቀበሮ አማች!" አለው ባለቤቴ። "ለልጆቻችን ክትባት ሲመጣ እንዲህ ስትሮጥ አላየንህም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ውሾቹን ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ አስገብተን አሰርናቸው፤ እንዳይጮሁም የገብስ ቂጣ ጣልንላቸው። ከታቢዎቹ ባዶ ግቢ አይተው ሄዱ። ምን እንደምንፈራ የጠየቀን የለም፤ እኛም አፍ አውጥተን አልነገርናቸው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኸ ነው። ከዓመታት በኋላ ከመንደሩ መነሣታችን አልቀረም። ውሾቹን መደበቃችን ያተረፈልን ነገር የለም።

ልጄ የተነከሰች ዕለት ባለቤቴ ውሻውን ሊገድል ዱላ ይዞ ሲወጣ፣ አማቴ ልጅቱን አቅፈው "ከወንዝ ማዶ መድኃኒተኛ አለ፤ ሥሩን በጥብጦ ያጠጣታል" አሉኝ።

"እትዬ፣ ባለፈው ዓመት እብድ ውሻ ነክሶት ያጠጣው ሰውየ የት አለ? አልቀበርነውም?"

ልጅቱን ለቀቁልኝ። ጩኸቴን ሰምቶ ስካውቱ እየሮጠ ደረሰ። ቁስሉን እንዳየ "ሳሙና አምጪ! በሚወርድ ውሃ እጠቢላት፣ እጅሽ እስኪዝል እጠቢ" አለኝ። አጠብሁ። ባለቤቴ ውሻውን ገድሎ ሲመለስ ስካውቱን ቀና ብሎ ሊያየው አፈረ።

"ተወው፣ ቀበሮ አማቾቼን ኋላ ትታረቃቸዋለህ" አለው ስካውቱ። "አሁን በቅሎህን ጫን። ከጨነቅ የጭነት መኪና ሊነሣ ነው።"

መኪናው ላይ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መንገዱን ሙሉ ውሃ አጠጣታለሁ። ጠምቷት እንዳይመስላችሁ፤ መዋጧን ለማየት ነው። ትንሽ ካሳላት ልቤ ቀጥ ይላል።

"እማየ፣ ጠገብሁ እኮ!"

"አንዴ ብቻ፣ የኔ እናት። አንዴ ጉንጭ አድርጊልኝ።"

ደባርቅ ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ቁስሉን እያየች "ውሻው ተከትቦ ነበር?" አለችኝ።

"አልተከተበም።"

"ከታቢዎች መንደራችሁ አልመጡም?"

"መጥተው ነበር። ደበቅነው።"

ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን "ቶሎ ማምጣትዎ ደግ ነው፤ አሁን መርፌውን እንዳያስቀሩብኝ" ብቻ አለችኝ። ዘመድ ቤት አርፈን በየቀኑ ሆዷ ላይ ተወጋች። እሷ ስታለቅስ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

በገበያ ቀን ስካውቱ ሊጠይቀን መጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቀይ ቀበሮዎች ሞተው እንዳገኙ ነገረኝ፤ አንዷ የምታጠባ ነበረች። የኛ ውሻ ይሁን የሌላ ሰው፣ ማን ያውቃል። "ከታቢዎቹ ተመልሰው መጥተዋል" አለኝ። "ሰዉም ውሻውን በገመድ እየጎተተ ተሰልፏል። ባልሽማ ከሁሉ ፊት ቆሞ ሰልፍ ያስይዛል።" ሳቅ ሊመጣብኝ ሲል እንባ ቀደመኝ። ያኔ በበጋው ውሾቻችንን ብናሰልፋቸው ምን ነበረበት?

የመጨረሻውን መርፌ የወጋቻት ዕለት ነርሷ የልጄን ጉንጭ መታ መታ አድርጋ "በቃ፣ ጨረሽ! ደህና ነሽ" አለቻት። እኔ ግን አላመንሁም፤ ደግሜ ጠየቅኋት፤ እሷም ደግማ ነገረችኝ። ከዚያ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ልጄ ተርፋለች። እኔንም ፍርሃቱ ለቆኛል።