በሁዳዴ የመጣው ጅብ

የበረኪና ሽታ በአፍንጫዬ በገባ ቁጥር እናደዳለሁ። ቦሌ መንገድ ላይ በምሠራበት ሕንፃ የጽዳት ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩን በበረኪና ሲወለውሉት ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው፤ ሽታው አንጠልጥሎ ወስዶ ጎሮ የነበረችው አንዲት ክፍል ቤታችን ውስጥ፣ እናቴ ከበሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ የበግ አጥንት በበረኪና የምታጥብበት ጥግ ያስቀምጠኛል። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ንዴቱ ግን ዛሬ ጠዋት የተለኮሰ ነው የሚመስለኝ።

አጥንት በበረኪና ይታጠባል እንዴ የሚል አይጠፋም። እኛ ቤት ይታጠብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ነው እንግዲህ የማወራው።

ጎሮ ያኔ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም። ከሰፈራችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር፣ ከማሳው ማዶ ቁጥቋጦ የሸፈነው ገደል፣ ገደሉ ውስጥ ደግሞ ጅቦች። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበርና ከደሴ እህል ጭኖ እየመጣ፣ ሸቀጥ ጭኖ እየተመለሰ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ያድር ነበር። እኔና እናቴ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየናት ሰርቪስ ቤት እንኖር ነበር። በሰፈሩ ሙስሊም ቤተሰብ እኛ ብቻ ነበርን፤ ይህን እኔ ልብ ያልኩት ሌሎች ልብ ካሉት በኋላ ነው።

ጅቦቹ የሚደፋፈሩት ክረምት ላይ ነበር። ጭጋጉ ማሳውን ሸፍኖት ሲያረፍድ፣ ጠዋት ሱቅ ስንላክ ጭቃው ላይ ዳናቸውን እናገኝና እግራችንን እያስገባን እንለካ ነበር፤ አንዳንዴ የተቀደደ ማዳበሪያ መንገዱን ሞልቶት፣ የሰው ቤት ገመና ሁሉ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭም የሕፃኑ ጨርቅም፣ ተዘርግቶ እናያለን። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ ኮሚቴ ደንብ አወጣ። ሰብሳቢው አቶ ተፈራ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ የማይለያቸው፣ ልጅ ሲሮጥም፣ ላም ስታልፍም፣ ዝናብ ሲጥልም የሚነፉ። ደንቡን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈው፣ በላስቲክ ጠቅልለው የመብራት ምሰሶው ላይ ቸነከሩት። ቆሻሻ በማዳበሪያ ሆኖ አፉ በገመድ ታስሮ በግቢ ውስጥ ይሰቀላል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት፣ የጽዳት ማኅበሩ ሴቶች ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ ብቻ ነው፤ አጥንት እስከ ጉልበት በሚደርስ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ምሰሶው ሥር አቁማኝ ደንቡን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝና ቃል በቃል ያዘችው፤ ቤት ገብታም ለአባቴ ደገመችለት። በሰፈሩ ውስጥ ያንን ወረቀት እንደሷ ያከበረ ሰው አልነበረም ብል ማንም አይከራከረኝም። ግቢው የእትዬ ብርቄ ስለሆነ ጉድጓድ መቆፈር አፈረች፣ ስለዚህ አጥንቱን ማቃጠል መረጠች።

ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ ደንቡ በደንብ ይሠራ ነበር። ድግስ ይበዛል፣ ሠርግ አለ፣ ገናና ጥምቀት አለ፣ በየግቢው በግና በሬ ይታረዳል፣ አቶ ተፈራም ፊሽካቸውን እየነፉ «አጥንት ቀብራችኋል?» እያሉ በር ለበር ይዞሩ ነበር። ያንን ወቅት እወደው ነበር። እትዬ ብርቄ በገና ዋዜማ ለእናቴ በግ ይነዱላትና ከሰፈሩ ውጭ ከሚገኝ ሙስሊም ነጋዴ ዘንድ አሳርዳ ለኛ ድርሻችንን እንድትይዝ ያደርጉ ነበር፤ እኛም በአረፋ የኛን ሥጋ እንደማይበሉ ስለምናውቅ ዳቦ፣ ስኳርና ዘይት እንወስድላቸው ነበር። ሰፈሩ ክፉ ነበር ብዬ አልዋሽም።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ደንቡ ይላላል። ማንም ይላላ ብሎ አልጻፈም፣ ማንም አላወጀም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ጾም ሲገባ አጥንት የለም፣ አጥንት ከሌለ ጅብ የለም፤ ሒሳቡ ይኸው ነበር። ሰዉ ማዳበሪያውን ሳያስር ከማክሰኞና ከቅዳሜ ዋዜማ ምሽት ጀምሮ አውጥቶ አጥሩ ላይ ያስደግፍ ነበር፣ የአቶ ተፈራ ፊሽካም ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሁለት ወር ያርፋል።

የኛ ቤት አጥንት ግን አይጾምም። አባቴ በሳምንት አንዴ ከመንገድ ሲመጣ እናቴ ሥጋ ትሠራለት ነበር። በሩን ትዘጋለች፣ በበሩ ሥር ባለው ቀዳዳ እርጥብ ጨርቅ ትወትፋለች፣ መስኮቷን ትከድናለች፣ እኛም በጭሱ ዓይናችን እያለቀሰ እንበላለን። ከዚያ አጥንቱን ሥጋ ጠብ እስከማይልበት ድረስ ትግጠዋለች፣ ሽታው እንዳይቀር በበረኪና ታጥበዋለች፣ ታደርቀውና ከሰል ማንደጃው ላይ አቃጥላ የከሰለውን ማዳበሪያ ውስጥ አስራ ታስቀምጠዋለች። ምን አስጨነቀሽ ስላት፣

«ሰው እየጾመ በምን ዓይኔ ነው ሽታ የምለቅበት? ነውር ነው ሀያት፣ ነውር» አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት የጋሽ ቶላ አህያ ተበልታ ተገኘች። ጋሽ ቶላ በአህያ ውሃ የሚሸጡልን፣ ሰፈሩ ሰፈር ከመሆኑ በፊት እዚያ ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። የቀረው ሰኮናዋና የታሰረችበት ገመድ ነበር። ልጆች ሁሉ ሮጠን ሄድን። ስንሮጥ ታዲያ መንገዱን በሙሉ ማዳበሪያ ተቀዳዶ ነበር፣ ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው፤ አቶ ተፈራ በር ላይ ደግሞ ዝንብ የወረረው ሁለት የዓሣ ራስ ከነቅርፊቱ ተጥሎ በዓይኔ አየሁ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር የኔ አይደለም፣ አልገባበትም። ጅብ ግን አልተከራከረም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፣ ኮሚቴውም ረፋድ ላይ ተነሣ። ፊሽካው ከሚስማሩ ወረደ። የመጡት በቀጥታ ወደኛ ነበር። መንገድ ላይ ያለውን የተቀዳደደ ማዳበሪያ ሁሉ እየተሻገሩ አልፈው፣ ግቢ ውስጥ ተሰቅሎ አፉ የታሰረውን የኛን አወረዱ። አቶ ተፈራ ገመዱን ፈትተው በራችን ላይ ዘረገፉትና በከዘራቸው በተኑት። የከሰለው አጥንት ወጣ።

«ይኸው» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። «አጥንት፣ በሁዳዴ።»

«ተቃጥሏል እኮ ጋሼ» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ፀጉሯ ላይ እያስተካከለች። «እርስዎ የጻፉት ቅበሩ ወይ አቃጥሉ ነው የሚለው።»

«ደንቡን ለኔ አታስተምሪኝ። ንጹሕ ነገር ቢሆን ምን አስደበቀሽ? በረኪናው ምንድን ነው? በር ዘግቶ፣ ጨርቅ ወትፎ ሥጋ መጥበስ ምን ይሉታል? በዚህ ሰፈር በጾም አጥንት ያለው ማን ቤት ነው?»

እናቴ ዝም አለች። ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው። መልሱ እኮ ቀላል ነበር፤ ለናንተ ብዬ ነው፣ ጾማችሁን አክብሬ ነው ማለት ነበረባት፤ ግን ለሰው ያደረጉትን ክብር በአፍ መናገር ለሷ ሌላ ነውር ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እሱ ነው፤ ያከበረችበት ነገር ተገልብጦ ማስረጃ ሆነባት።

የተናገሩት አህያቸው የተበላችባቸው ሰውዬ ብቻ ነበሩ።

«ተው እንጂ አቶ ተፈራ» አሉ ጋሽ ቶላ ገመዱን እንደያዙ። «እኔ ከጅብ ጋር ነው ያደግሁት። በጾም ጅብ ይርበዋል፣ ቄራም ድግስም የለማ። ያኔ ነው ወደ ሕያው ነገር የሚመጣው። በዛ ላይ ማዳበሪያውን መንገድ ላይ ደርድራችሁ ጠራችሁት። ይቺ ሴት ምን አደረገች?»

«አንተ ስለ አህያህ እዘን» አሏቸው፣ አለቀ። ገበሬ ስለ ጅብ ምን ያውቃል፤ ስለ ጅብ የሚያውቀው ቢሮ የዋለ ሰው ነው።

እኔም ዓሣውን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ «የዓሣ ራስ» እስክል ድረስ ደርሼ ነበር፣ እናቴ በመዳፏ አፌን ያዘችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እጇን ልነክሳት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው እትዬ ብርቄን ጠርቶ ተከራዮቻቸውን በስምንት ቀን ካላስለቀቁ ከግቢያቸው ቆሻሻ እንደማይነሣ ነገራቸው። ማታ ላይ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔም የምኖረው ከነሱ ጋር ነው። ብሞት የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው» አሉ፣ እናቴም አጽናናቻቸው። የምትባረረው ሴት አባራሪዋን ስታባብል ቁጭ ብዬ አየሁ።

ተስፋዬ አባቴ ነበር። አምስት ኩንታል ብቻውን የሚሸከም፣ በመንገድ ሽፍታ እንኳ የማይፈራ ሰው ነው ብዬ አምን ስለነበር፣ ሐሙስ ሲመጣ የአቶ ተፈራን በር በእርግጫ ይገነጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሄደ፣ ተከትዬው አጥር ሥር ቆምኩ። በሩ አልተከፈተለትም፤ በቀዳዳው በኩል አጎንብሶ «ጋሼ፣ እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ ብቻ፣ ለልጅቷ ሲሉ» ሲል ሰማሁት። ፊሽካ ተነፋበት። እንደ ከብት ፊሽካ ተነፋበትና ተመለሰ። «አብሽሩ፣ የአላህ መሬት ሰፊ ነው» አለን ቤት ገብቶ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት በሰማሁ ቁጥር አባቴ ፊቴ ይመጣብኛል፣ ከዚያ ደግሞ ራሴን እረግማለሁ፤ በሰው ግቢ የሚኖር ሰው ምን አድርግ ልለው ኖሯል?

ፋሲካ ሳይደርስ ዕቃችንን በራሱ አይሱዙ ጭነን ቦሌ ሚካኤል፣ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ገባን። ዕቃው የመኪናውን ሩብ እንኳ አልሞላም። ትምህርቴ በመሃል ተቋረጠ፣ ያንን ክፍል ደገምኩ። በዓመቱ ጋሽ ቶላ አባቴን መንገድ ላይ አግኝተውት፣ በቀጣዩ ሁዳዴም ጅቡ እንደመጣ፣ እኛ በሌለንበት፣ የኛ አጥንት በሌለበት፣ የሰው ውሻ ከደጃፍ ይዞ እንደሄደ ነገሩት። ይቅርታ የሚል ሰው መላክ ቀርቶ፣ ተሳስተን ነበር ብሎ ለራሱ ያወራ አንድ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ። አባቴ ወሬውን ሲነግረን እየሳቀ ነበር፤ እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

አሁን የምኖረው እዚያው ጎሮ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ። የጤፉ ማሳ ሕንፃ ሆኗል፣ ጅቦቹ ግን የትም አልሄዱም፤ ገደሉ ተደፍኖባቸው በየግንባታው መሃል ይዞራሉ። ደንቡም አለ፣ በምሰሶ ፋንታ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ። ባለፈው ሁዳዴ አንድ ጠዋት የተበጣጠሰ ፌስታልና የተበተነ ቆሻሻ ፎቶ ተለጠፈ፣ ወዲያው ደግሞ ምድር ቤት ሁለት ልጆች ይዛ የገባች ተከራይ ናት ተባለ። በስብሰባው ላይ ወጣቱ ሰብሳቢ «ለባለቤቱ ዋርኒንግ እንስጠውና ያስወጣት» ሲል ተነሣሁ። ማን አየ አልኩ። ጾም ከገባ ጀምሮ የሁላችንም ቆሻሻ ደረጃ ሥር ሲያድር፣ የግቢው በር ሳይዘጋ ሲያነጋ፣ ጅብ የማን ፌስታል እንደሆነ ጠይቆ ነው ወይ የሚገባው አልኩ። «ልክ ናት» አለ አንዱ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ቆሻሻው የሚቆለፍበት ክፍል እንዲሠራ ተወሰነና ስሜ ከነሐሳቤ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ቤቴ ገብቼ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያኔ ጋሽ ቶላም እናቴም ከኔ የተሻለ ተናግረው የሰማቸው የለም፤ እኔን የሰሙኝ እውነቱን ስለተናገርኩ ሳይሆን የቤቱ ካርታ በስሜ ስለሆነ ነው፣ ስብሰባው ላይም ተከራይ አይጠራም። ሴትዮዋን አሁንም ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ አገኛታለሁ፣ ልጆቿን ይዛ ጥጓን ይዛ ታሳልፈኛለች። በሷ ላይ ምን እንደተባለ ማንም አልነገራትም፣ ምን ትያለሽ ብሎም የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ስሟን እንኳ አላውቀውም።