የሥራነሽ ቅሎችና የልደታ ንፍሮ

«‹እማዬ፣ ቆይ ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ ገብሱ?›» አለች ሥራነሽ፣ የልጇን የመቅዲን ድምፅ በአፍንጫዋ እየጎተተች። ስልኩን ገና መዝጋቷ ነው። «‹ሐምሌ ላይ እወልዳለሁ፤ ማን ሊያርሰኝ ነው? ደብረ ማርቆስ እናት በኪራይ አይገኝም።› ሰማሽ አይናዲስ? በኪራይ ትለኛለች።»

ጎረቤቷ አይናዲስ ሽንብራዋን እየለቀመች፣ «እውነቷን አይደል? ሂጅ እንጅ» አለች።

«ማን ይዘራልኛል?»

«እንደኛ ምርጥ ዘር ገዝተሽ አትገላገይም?»

ሥራነሽ ጎጃም ውስጥ፣ ከቁይ ከተማ በላይ ባለው ደጋ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ከጎታው ጀርባ ቅሎች ሰቅላለች፤ በየቅሉ አመድ የተነሰነሰበት ዘር አለ። ጥቁሩ ገብስ ውርጭ የለመደ ነው። ቶሎ ደራሹ ገብስ ዝናብ ለዘገየበት ዓመት ነው። ጢማሙን ስንዴ ዋግ የሚሉት በሽታ ቢነካው እንኳ አይጨርሰውም። ደቃቃዋ ባቄላ ደግሞ ጭቃ ወዳጅ ናት፣ ውኃ በሚተኛበት ዋልካ ካልሆነ አታምርም። የመንደሩ ማሳ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስንዴ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በአንድ መቀስ የተከረከመ ፀጉር ይመስላል።

ዋግ የገባ ዓመት ታዲያ ያ ሁሉ መንታ ስንዴ አንድ ላይ ቀላ፣ አንድ ላይ ወደቀ። መንደርተኛው ቁናውን ይዞ ወደ ሥራነሽ ደጅ ጎረፈ። ሰጠች። በዓመቱ ሁሉም ወደ ምርጥ ዘሩ ተመለሰና የሷን ፈጭቶ በላው። ለምን ያስቀምጣል? «ሥራነሽ ጋ አለ» ይባላላ። ከቤቷ ያሰራት ይኸው ነው። ዘር እንደ ወርቅ ቀብረውት አይሄዱም፤ ክረምት መጥቶ መሬት ካላየ ነቀዝ ነው የሚወርሰው።

መቅዲ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ የነገሩን ስም ለእናቷ የነገረቻትም እሷው። «ብዝኃ ሕይወት ይባላል፣ እማዬ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርጅ ዛፉም ወፉም በየጠመዝማዛው ይለዋወጥ የለ? ዓለሙ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ለቦታው የተበጀ ነው። ደግሞ ዘሩን የሚያስቀምጥ ጂን ባንክ አለ፣ በቀዝቃዛ ቤት።»

«ጥሩ ነው። ስንዴው ቀዝቃዛ ቤት ተኝቶ ሳለ ግን ዋጉ ሜዳ ላይ አዲስ ተንኮል ይማርበታል። ስንዴና ዋግ ዘንድሮም ከርሞም ሲተያዩ ነው የሚተዋወቁት። ይህን ካወቅሽ ለምን ትጠሪኛለሽ?»

«አንችም ምትክ የሚሆን ሌላ ዝርያ የለሽማ» አለች መቅዲ።

ሚያዝያ ላይ የማርያም ማኅበር ተራው የሷ ሆነ። ሴቶቹ በልተው ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ መላ መጣላት፦ በየማሳቸው እንዲዘሩላት ዘሩን ለየሰዉ አከፋፍሎ መሄድ። እንዳይስቁባት ፈራችና እምቢ የማይሉት ቃል ጨመረችበት። «በማርያም ስም ያዙልኝ። እኔ ልጄን ላርስ ልሄድ ነው» አለች። ማን እምቢ ይላል? በየነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ስመው ወሰዱ። ቅሎቹ ባዶ ቀሩ። ሥራነሽ ያን ሳምንት እንደ ልጃገረድ ቀለላት፤ ለመቅዲ ቅቤ አነጠረች፣ ጓዟንም አስራ ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። እንደ ልማዱ መንደሩ ደጅ ወጥቶ፣ ያዋጣውን እህል በአንድ ድስት ቀቀለ። አይናዲስ ትኩሱን ንፍሮ በእፍኟ ዘግና ሰጠቻት። ሥራነሽ መዳፏን አየች። ጥቁሩ ገብስ አለ። ጢማሙ ስንዴ አብጦ አለ። ደቃቃዋ ባቄላም ልጣጯን ፈታ ተኝታለች።

«ይኸ ከየት መጣ?»

«ያንችው ነዋ። በማርያም ስም የተሰጠ እህል የግል ማሳ ላይ ይዘራል እንዴ?» አለች አይናዲስ።

የማኅበሩ ታላቅ ወለተ ሚካኤልም ቀበል አድርገው፣ «የመቅዲ ስለት ነው ብለን ሁላችንም ለልደታ አዋጣነው። በደህና ትገላገል፣ ልጄ። ብይ» አሏት።

ምን ትበል? ለልጇ ምጥ የተበላውን እህል ትርገመው? በላች። ጣፈጠ ደግሞ፤ እሱ ነው የከፋው።

ቤቷ ገብታ ቅሎቹን አንድ በአንድ ደፍታ መታች። ከአመዱ ጋር ተጣብቆ የቀረውን በጥፍሯ እየፋቀች ለቀመችው፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። በሰኔ ዝናብ ከጓሮዋ መደብ ለየብቻው ዘራችው። ዘንድሮ ካልበቀለ የትም የለም፤ ሥራነሽ ጋ ነበራ።

መቅዲ ደወለች። «መቼ ነው የምትመጭው?»

«ሲያሽት።»

«እኔ እስኪያሽት አልቆይልሽም» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ይችኛዋን የልጇን ቃል ሥራነሽ እንደ በፊቱ አስመስላ አልተናገረቻትም።

ጓዟ እንደታሰረ ግድግዳው ላይ አለ፤ ቅቤውም ጠረኑን እየለወጠ ነው። እሷ ከማለዳ ጀምሮ ጓሮዋ ውስጥ ጠጠር ይዛ ተቀምጣለች፣ መደቧን እየጠበቀች፤ አጠገቧ ተቀምጣ ይህን ታሪክ የምትጽፈዋንም ሴት በጎን እያየች።

«አንች፣ መጫሩን ተይው» አለቻት። «ቆቅ ገብቷል። ተነሽና በዚያ በኩል አባሪልኝ።»