የእትዬ ችግር የለም ሎኬሽን

ጎረቤቴን ሰፈሩ «እትዬ ችግር የለም» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። በስፌት ያጠራቀመችውን አፍስሳ ከቤቷ ጀርባ ለመንገደኛ የሚከራይ አንድ ክፍል ሠራች፤ ክፍሉ ግን ባዶውን ከረመ። ሽንኩርት ነጋዴው ወንድሟ ዓይኑን ጣለበት። «እስከ ቅዳሜ እንግዳ ካልመጣልሽ ሽንኩርቴን አራግፍበታለሁ» አላት። ያደርገዋል፤ ዓይን አውጣ ነው።

እሷም የከተማ ሰዎች የገጠር ማረፊያ የሚያፈላልጉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባች። አርብ ዕለት ባልና ሚስት ጻፉላት።

«ፍራሹ ምቹ ነው?»

«ችግር የለም።»

«ትራስ፣ ብርድ ልብስ አለ?»

«ችግር የለም!»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ባዶ አልጋ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሎኬሽን ላኪልን አሏት፤ ላከች። የላከችው ግን አንድ ቦታ የሚቆመውን ሳይሆን ስልኩ በሄደበት ሁሉ የሚከተለውን ነው። ከዚያ ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ዕቃ ልትዋስ ወጣች።

መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጣች። ፍራሼን ከሥሬ መንጭቃ፣ በጭንቅላቷ ተሸክማ በጓሮ በር ወጣች። ወዲያው አንድ መኪና ደጄ ላይ ቆመ።

«ማረፊያው እዚህ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል።

«እዚህ እንኳ ፍራሹ ነበር፤ አሁን እሱም ሄዷል» አልኳት። ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። ቤቷን ላሳያችሁ ብል ባልየው «ሎኬሽኑ እኮ ወዲያ ነው የሚለው» አለ። ይህማ አያምልጠኝ ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

የሰፈራችን አስተማሪ ቤት ስንደርስ ጎረቤቴ ትራስ ተውሳ ሄዳለች። ወፍጮ ቤት ስንደርስ ባለወፍጮው ብርድ ልብስ በመስኮት አቀበለን። «ከኔ ተውሳ እዚሁ ረሳችው፤ እባካችሁ አድርሱላት።»

በመጨረሻ ደጇ ላይ ደረስንባት። ወንድሟ የሽንኩርት ጆንያዎቹን የክፍሉ በር ላይ ደርድሮ ቆሟል። ሴትዮዋ ወርዳ ብርድ ልብሱን ሰጠቻት። ጎረቤቴ ከፍራሹ ሥር ፊቷ ደም መሰለ። አፈረች፤ እኔም ስለ እሷ አፈርኩ።

ወንድሟ በሳቅ ፈረሰ። «ምን ኖሮሽ ነው የምታከራዪው? ሁሉም የሰው!»

ፍራሹን መሬት ላይ ጣለችው። «አዎ፣ የሰው ነው» አለች ለእንግዶቹ። «ዋሽቻችኋለሁ። ክፍሉ ግን የራሴ ነው፣ ሰፍቼ የሠራሁት።»

ሴትዮዋ ባሏን አየችው። ከዚያ ትራሱን ከጎረቤቴ ተቀብላ፣ የሽንኩርቱን ጆንያ ተራምዳ ክፍሉ ውስጥ ገባች።