የአስቴር የመጨረሻ ዋጋ

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። አስቴርን ለምኜ ልመልሳት ነው። እግሬ አብጧል፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ የሶዶ ሰው ሁሉ ልብስ የሚገዛበት ሰሞን ነው... እኔ ደግሞ ሻጭ የለኝም።

ልብስ ቤት ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስንት ልጅ እንዳሠለጠንኩ እኔም አላውቀው። ማጠፍ አስተምሬ፣ ሳይዝ አስለይቼ፣ ልክ ሥራውን ሲለምዱ «እናቴ ታማለች» ብለው ውልቅ! የሰው እናት ሁሉ የሚታመመው ልጇ እኔ ጋ ስትቀጠር ነው እንዴ? እያልኩ እስቅ ነበር። አሁን መሳቁም ደክሞኛል።

አስቴር ግን ሌላ ነበረች። ተበላ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣውን ሰው በወላይትኛ አጫውታ ሳይገዛ አታስወጣውም። እሷም «እናቴ ታማለች» ብላ ሄደች። በሳምንቱ መናኸሪያው ጋ አዲስ በተከፈተ ልብስ ቤት ስትሸጥ ታየች አሉኝ። በገንኩ!

ስገባ ጃኬት እየሰቀለች ነበር። ስታየኝ ደነገጠች።

«እትዬ አልማዝ... ደህና ነዎት?»

«ደህና አይደለሁም። እናትሽስ ተሻላቸው?»

አንገቷን ደፋች። ደመወዝ እጨምራለሁ አልኳት። ምሳሽን እችላለሁ አልኳት። ጊፋታን ከዋዜማው ጀምሮ ከቤተሰብሽ ጋር ታሳልፊያለሽ አልኳት፤ ለልብስ ነጋዴ ይሄ ጣት ከመቁረጥ አይተናነስም።

«ደመወዙ አይደለም፣ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እርስዎ ‹ከዚህ በታች እንዳትሸጪ› ይሉኛል። እኔ ‹መጨረሻው ነው› ብዬ ድርቅ እላለሁ። ሰው ወደ እርስዎ ሲዞር ሁለት መቶ ብር ይቀንሱለታል። እርስዎ ደግ፣ እኔ ሌባ። አንዷ የሰፈራችን ሴትዮ ‹ልጅሽ ልታታልለኝ ስትል አሠሪዋ አዳነችኝ› ብላ ቤታችን ድረስ ሄዳ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አልታመመችም። አፍራ ነው ከቤት የማትወጣው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብልሃት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ነዋ! ልጅቷ ትከርራለች፣ እኔ ቀንሼ እመረቃለሁ፣ ደንበኛው «እትዬ አልማዝ እኮ!» እያለ ይሄዳል።

በዚህ መሀል ከበዴሳ የመጣች አንዲት ሴት ሹራብ አንስታ ትከራከር ጀመር። አስቴር አንዴ ቀነሰችላትና «ከዚህ በኋላ አልችልም» አለቻት። ሴትየዋ እንደተለመደው ወደ ባለቤቱ ዞረች። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ጎረምሳ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«እስቲ አንተ ንገረኝ፣ መጨረሻው ስንት ነው?»

ቀና እንኳን ሳይል «እሷ ያለችው ነው» አላት።

ሴትየዋ አጉረመረመች፣ ከፈለች፣ ሄደች። አስቴርን እኔ ጋ አንድ ዓመት ስትሠራ እንደዚያ ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም። «ነይ፣ ተመለሺ» የሚለውን ቃል ዋጥኩና ወጣሁ።

ሰኞ አዲስ ልጅ ቀጠርኩ። በዚያው ቀን የጥንት ደንበኛዬ መጥታ ቀሚስ መረጠች። ልጅቷ የመጨረሻ ዋጋዋን ነገረቻት። ደንበኛዬ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች።

«አልሚ፣ በይ አንቺ ንገሪኝ!»

ምላሴ ለመቀነስ ተዘጋጅቶ ነበር... እንዴት እንደከበደኝ ጌታ ያውቃል።

«እሷ ያለችው ነው።»

ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ጥላው ወጣች። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

አዲሷ ልጅ ግን ዛሬም ጠዋት ከእኔ ቀድማ ሱቁ በር ላይ ቆማ አገኘኋት... እናቷም ደህና ናቸው፣ ጠይቄያለሁ።