ሶኬት ለመጠየቅ ያፈረው ሰው

መዝገቡ የሚኖረው ቂርቆስ፣ አራት አባወራ አንድ ቆጣሪ በሚጋራበት ግቢ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው ከተሰካ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ አይሠራም፤ ሁለቱ ከተገናኙ ቆጣሪው ጠቅ ይልና ግቢው ይጨልማል። እትዬ ስመኝን ሐኪም ቤት ሊያደርስ በተቀጣጠሩበት ቀን ዋዜማም እንዲሁ ሆነ። ጎረቤቱ ሰገን በመስኮት ብቅ ብላ፣

“ጋሽ መዝገቡ፣ ይቺ መኪናዎ ጠግባ አታውቅም እንዴ? የልጆቹ ዩኒፎርም እኮ ሳሙና ውስጥ ቀረ!” አለችው።

መዝገቡ ገመዱን ነቅሎ ጠቀለለ። ዕድሜውን በመምህርነት ጨርሶ፣ በጡረታው ደግሞ ተሳፋሪ ሲያመላልስ፣ ለክርክር የሚተርፍ ጉልበት አልነበረውም።

በማግስቱ ባትሪው ከሩብ በታች እንደሆነ እትዬ ስመኝን ሊያመጣ ወጣ። እትዬ ስመኝ ካዛንቺስ ሳሉ ከእናቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሌላውም እየተከተለ ነው። ስንቴ የተላለፈው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ለዚያ ጠዋት ነበር። ካመለጣቸው እንደገና ወረፋ ነው፤ እስከዚያ ብርሃናቸው መቆየቱን ማን ያውቃል?

እሳቸው እስኪለባብሱ መኪናውን ሊሰካ አስቦ ነበር። ቤታቸው ምድር ቤት ነው፤ ማራዘሚያም ይዟል። ግን እንዴት አድርጎ? ካዛንቺስ ያሳደገችው ሰው ገና ከደጅ “ሶኬት አለ?” ብሎ አይገባም። ቁርስም ቀርቦ ጠበቀው።

“ብላ እንጂ! ምነው እንዲህ ከሳህ?”

ከዚህች ጉርሻ በኋላ እጠይቃለሁ ሲል ሁለተኛው መጣ። ቀጥሎ የሞቱት የድሮ ጎረቤቶች ወሬ ተነሣ። በመሀል ጥግ ላይ ሲያወራ የነበረው ሬዲዮ ዝም አለ።

“ውይ፣ መብራት ሄደ!” አሉ እትዬ ስመኝ። “አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምትቃትተው?”

“መኪናዬን... ማለቴ፣ ልሰካ ነበር።”

“ታዲያ አትናገርም?”

“አፈርኩ።”

“እኔን? አፍንጫህን ጠርጌ ያሳደግኩህን!”

ሳቁ፤ እሱ ግን መሳቅ አቃተው።

እሳቸውን አሳፍሮ፣ ባትሪው እንዲቆይለት መስኮት ከፍቶ፣ ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ የመንገዱን ጥግ ይዞ አዘገመ። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አስግጎ፣ “ፋዘር፣ ሰርግ እያጀቡ ነው እንዴ?” አለው።

“ካዛንቺስ ደረስን?” አሉ እትዬ ስመኝ።

“ደርሰናል።”

“የእነ ተከስተ ዳቦ ቤት ይታይሃል?”

መዝገቡ ሰፊውን መንገድና አዲሶቹን አበቦች አየ። ዳቦ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር እንኳን መለየት አልቻለም።

“የለም፣ እትዬ። መንገድ ሆኗል።”

እትዬ ስመኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። “እንግዲህ ዓይኔ ሲበራ የማየው እሱን ነዋ!”

ኡራኤል ሊደርሱ ሲሉ ባትሪው አለቀና መኪናው ቀስ እያለ ቆመ። ከኋላ ጡሩንባ ተንጫጫ። መዝገቡ ወርዶ ክንዳቸውን ያዘ፤ የቀረውን መንገድ እየተደጋገፉ በእግራቸው ሄዱ።

የሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርስ ስማቸውን ደጋግማ እየጠራች ነበር።

“አለሁ!” አሉ፤ ገቡም።

መዝገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መንገድ ዘግቶ የቆመ መኪና እንዳለው ያውቃል። ድካሙ ግን አላስነሣው አለ፤ ራሱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።