ዝም ያለው የግራ ስፒከር

ሥራ በጀመርሁበት ዕለት ከምንም ጋር ያልተያያዘ አምፕሊፋየር አናገረኝ። ሬዲዮ አልተገጠመለትም፤ ቴፕ አልተገጠመለትም። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ግን ከስፒከሩ የአንድ ወንድ ሹክሹክታ ወጣ። ሰውዬው በማላውቀው ቋንቋ ሳያቋርጥ ያወራል። ጎንደር ከተማ ስድስት ዓመት ሬዲዮ የጠገንሁ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የገባሁት ሰው፣ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሸሸሁ።

የሱቁ ባለቤት ሞሪስ ሳቀብኝ። ከሩማንያ የመጣ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ነበር። «ጋኔን እንዳይመስልህ፤ የላላ ብየዳ ነው» አለኝ። የላላ ብየዳ አንዳንዴ ራሱ ሬዲዮ ይሆንና በአየር የሚያልፈውን ጣቢያ ይይዛል። ሞሪስ የጋለውን የብየዳ ካውያ አንሥቶ አንዲት ነጥብ ላይ የቀለጠ እስታኞ ጠብ አደረገ። ሰውዬው የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ዝም አለ። ምን ሊል እንደነበር ዛሬም አንዳንዴ አስባለሁ።

ይህ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ኢየሩሳሌም ከገባሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሱቁ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጥግ ሦስት ደረጃ ወርዶ ያለ ምድር ቤት ነበር። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። በግራና ቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር አለ፤ የሚያልፍ ሰው ኮቴው ከአጥሩ ተመልሶ ይሰማልና አንድ ሰው ሲመጣ ሁለት ይመስላል። እኔም ስንቴ ሁለት ደንበኛ ጠብቄ አንድ ተቀብያለሁ።

በዕብራይስጥ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም። ያን ሽበት «አንተ» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ለብዙ ወራት ሞሪስን ሳልጠራው፣ ፊት ለፊቱ እየሄድሁ ቆሜ ነበር የማናግረው።

ማዕረጌ ረዳት ጠጋኝ ነበር። ሞሪስ መጀመሪያ ያስተማረኝ እጄን መሰብሰብ ነው። አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች የሚገድል ጉልበት ይዘው ይቆያሉ። «ሞቷል ያልኸው ነገር ገና ይሰማሃል» ይል ነበር። ያን ጉልበት ሳናፈስስ ካቻቪቴ አናስገባም። ከዚያ ዕቃውን በአምፖል በኩል አድርገን ነው ኤሌክትሪክ የምንሰጠው፤ አምፖሉ ቦግ ካለ ውስጡ ተቃጥሏል፣ ደብዘዝ ካለ እንቀጥላለን። አንድ ጎን ዝም ካለ ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን የግራና የቀኙን ሽቦ እናለዋውጣለን። ዝምታው ከሽቦው ጋር ከተሻገረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው። ባለበት ከቀረ ጥፋቱ እዚያው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ወይም ከእሱ ወዲያ ነው። በመጨረሻ፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ባለቤቱ ሳያየው መጣል ክልክል ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ነው ያቃለልኋት።

አንድ ጊዜ ከድሮው ኢየሩሳሌም አንድ የአገራችን መነኩሴ አምፕሊፋየራቸውን በጆንያ ተሸክመው በእግር መጡ። «ክፍሌ ውስጥ ያጉረመርማል፤ አንተ ዘንድ ሲመጣ ጭጭ ይላል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አመላለስኋቸው። በአራተኛው ሄጄ ሳይ የመብራታቸው ትራንስፎርመር ከሽቦው ላይ ተቀምጧል። ፈቀቅ ሳደርገው ዝም አለ። «አባ፣ ዕቃው ደህና ነው» አልኋቸው። «ታዲያ እኔን ነበር መጠየቅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስቄ አለፍሁት።

ደንበኛ ሊገዛ ሲመጣ የሚጠይቀው ዋት ነው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ለሠርግ አዳራሽ የሚበቃ ጉልበት ይፈልጋል። ኋላ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲጂታል መቀየሪያ ሲመጣ ደግሞ ፊቱ ላይ ያሉትን መብራቶች መቁጠር ተጀመረ። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነበር። ምንም ሳታጫውቱ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጉና አድምጡ። የጥሩ ዕቃ ዝምታ ባዶ ነው። በመጥፎው ውስጥ የሆነ ነገር ሲተነፍስ ትሰማላችሁ።

ብርቱካን የመጣችው እኔ ዋና ጠጋኝ ከሆንሁ፣ ሞሪስም ጠዋት ጠዋት ብቻ ብቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ የአገሬ ልጅ፣ ቤተ እስራኤል ናት። የእናቷን ካሴት ማጫወቻና አምፕሊፋየር ከነሽቦው በገበያ ጋሪ ጭና፣ አንድ ካሴት በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ ወረደች።

«ጋሼ፣ የግራው ስፒከር ዝም ካለ ቆየ። ካሴቱም ከመሰማት ብዛት እያለቀ ነው። ለፔሳሕ በዓል በሲዲ ገልብጠህ ስጠኝ» አለችኝ።

ካሴቱ ደብዳቤ ነበር። በዚያ ዘመን ጎንደር የቀረና ኢየሩሳሌም የገባ ዘመድ የሚጻጻፈው ድምፁን ቀድቶ በመላክ ነው። የላከው ወንድሟ አስማማው፣ የመምጫ ተራውን እየጠበቀ እዚያው የቀረው ልጅ ነው። እናቲቱ እማማ ጥሩወርቅ በየቀኑ ይሰሙታል።

ሽቦዎቹን አለዋወጥሁ፤ ዝምታው ተሻገረ። የግራውን ሽቦ ስመረምር መሰኪያው አጠገብ ተቆርጧል። ጫፎቹ እያንዳንዳቸው በነጭ ፈትል ጥቅልል ተደርገው፣ ጥንቅቅ ባለ ቋጠሮ ታስረዋል። በክር ሽቦ የሚጠግን ጅል ደግሞ ከየት መጣ ብዬ ሳቅሁ። መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ አዲስ ሽቦ ሰካሁ። ዲጂታል መቀየሪያውን አያይዤ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ካሴቱን አስጀመርሁ። ቀትር ነበር፤ በመስኮቱ የሰው እግር ይታየኛል።

በመጀመሪያ ከሩቅ፣ የጉድጓድ ውስጥ ሰው የሚጣራ ያህል «እማዬ» አለ። ወዲያው በሙሉ ድምፅ «እማዬ» አለ። ይህ አላስደነገጠኝም። ካሴት ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ አንዱ ዙር በሚቀጥለው ላይ ያትማል፤ የድምፁ ጥላ ከድምፁ ይቀድማል። ልጁ እናቱን ሳይጠራ ጠራ።

«ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝ» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። በዚያች ክፍተት በግራ ጆሮዬ ሴቶች ሲያለቅሱ ሰማሁ።

መለስሁና አዳመጥሁ። እንደገና መለስሁ። ለቅሶው ቀጭን ነው፣ ግን የታወቀ የአገራችን ለቅሶ ነው። ደረት ሲደቃ ይሰማል። አንዲት አልቃሽ ትመራለች፦

«ባሕር ማዶ ያለሽ እናቱ ተነሺ፣
የምትጠብቂው ልጅ መንገድ ቀረ፣ አልቅሺ።»

ከዚያ ሁሉም «ወይኔ አስማማው» አሉ። በቀኝ ጆሮዬ አስማማው ስለ ዝናቡና ስለ በሬው ዋጋ ያወራል፤ በግራ ጆሮዬ እሱኑ ይቀብሩታል። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አነሣሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ኋላ ገባኝ። ጎንደር ያሉት ዘመዶች ቀብሩን ለመላክ ቀድተውት ኖሯል። ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው፣ እናቱን ማን ያስደንግጥ ብለው፣ ሳይላክ የቀረ የአስማማውን የቆየ ድምፅ በላዩ ገለበጡበት። መቅጃቸው ግን የጥብጣቡን ጠርዝ አላጠፋም። ያ ጠርዝ የግራው ጎን ነው። በተራ ካሴት ማጫወቻ ሁለቱ ጎኖች ስለሚቀላቀሉ ለቅሶው ይዋጣል። በሁለት ስፒከር ለብቻው ይወጣል።

ብርቱካንን በስልክ ጠራኋት። ሰምታ ስትጨርስ የሱቁ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ዓመቱ ነው፤ ታሞ ነው የሞተው» አለች። «መርዶ አልተነገራትም። ልቧ ደካማ ነው። ወንድሞቼ ከሰሜን እስራኤል ሲሰበሰቡ፣ ቄሱ ሲመቻቸው እያልን... ይህ እዚህ ውስጥ እንዳለ ግን በኦሪት እምልልሃለሁ፣ አላውቅም ነበር። ጋሼ፣ የልጇን ሞት ማሽን ካረዳት እኛ ምን ልጆች ተባልን?»

መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በማለዳ፣ ዘመድ አቅፎ ደግፎ ይነገራል። እኔ ግን ሽቦውን ቀጥዬ መርዶውን ለስፒከር ሰጥቼ ነበር። ካሴቱን ሳላዳምጥ ጠግኜ ልኬላቸው ቢሆንስ? እማማ ጥሩወርቅ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሊረዱ ነበር።

በማግስቱ ለሞሪስ ነገርሁት። ስለ መርዶ ምንም አልጠየቀኝም። «አሮጌው ሽቦ የታለ?» አለኝ። ከመሳቢያው አወጣሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቋጠሮውን አየ።

«ይህ ጥገና አይደለም» አለ። «መጠገን የፈለገ ሁለቱን ጫፍ ያገናኛል። ይህ ሰው እንዳይነካኩ ነው ያሰራቸው። ለባለቤቱ መልስ።»

ሲዲውን ከቀኙ ጎን ብቻ ቀዳሁት። የአስማማውን ድምፅ ለሁለቱም ስፒከር አካፈልሁት፤ ለቅሶው ቀረ። በዘዴዬ ኮራሁ፣ አልዋሽም። ዓርብ ረፋድ ላይ ዕቃቸውንና አንድ ሲዲ ማጫወቻ ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው ቤታቸው፣ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

እማማ ጥሩወርቅ ትንሽ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ጭናቸው ላይ ጥልፍ ነበር። ነጭ ፈትል። ኪሴ ውስጥ ያለው ሽቦ ከበደኝ።

ሲዲውን አስጀመርሁ። የግራው ስፒከር ድምፅ ሲያወጣ መርፌያቸው ቆመ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ጠበቁ። አስማማው ብቻውን ተናግሮ ጨረሰ።

«ብርቱካን፣ ለእንግዳው የሚጠጣ አምጪ» አሉ። እሷ ወደ ማድቤት ስትገባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለቅሶውን የት አደረግኸው?»

ሽቦውን ከኪሴ አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁት።

«እርስዎ ነዎት የቆረጡት?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን ይቆርጠዋል?» ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ብርቱካን ሥራ ስትሄድ ሰባት ቀን ሰማሁት። ሰባቱን ቀን መሬት ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስሁ። ሰባቱ ሲሞላ ቆረጥሁት።»

«ታዲያ ለልጆችዎ ለምን አልነገሯቸውም?»

«መርዶ ይነገራል እንጂ ይጠየቃል እንዴ ልጄ? እኔን ለማትረፍ ብለው በየቀኑ እየሳቁ ይገባሉ። አውቃለሁ ብላቸው ምን ይውጣቸዋል? ይምጡ፤ እጠብቃቸዋለሁ።» ከማድቤት ብርጭቆ ሲንኳኳ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ካሴቱን እንዳታጠፋብኝ። የልጄን ቀብር የቆምሁት እዚያ ውስጥ ነው።»

ካሴቱን መለስሁላቸው። የተቆረጠውን ሽቦም ከጥልፉ ሥር ከተቱት።

ከፔሳሕ በኋላ አንድ ማለዳ የብርቱካን ወንድሞች ቄሱን ይዘው መጡ። ብርቱካን እኔንም ጠርታኝ በር አጠገብ ቆምሁ። ሲነገራቸው እማማ ጥሩወርቅ ጮኹ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ ልጆቻቸው ደግፈው ያዟቸው። ብርቱካን እያለቀሰች ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አየህ፣ ምንም አልጠረጠረችም» አለችኝ።

ያን ጊዜ እናቲቱ ቀና ብለው ለቅሶውን ጀመሩ። ዜማውን አወቅሁት፤ የካሴቱ ነው። ግጥሙን እሳቸው መልሰውታል፦

«ባሕር ማዶ ያለሁ እናቱ ተነሣሁ፣
የምጠብቀው ልጅ መንገድ ቀረ፣ ሰማሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጠግኛለሁ፤ ሞሪስ ሲያርፍ ሱቁንም እኔ ዘጋሁት። ለሙያ ልጆች የምለው ይህን ነው። የተቆረጠ ሽቦ ካገኛችሁ፣ ከመቀጠላችሁ በፊት ማን እንደቆረጠው ጠይቁ። አሮጌውንም ለባለቤቱ መልሱ።